ሊሙ ገነትን የሰጠሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ ሊሙ ገነት የእኔ ነበረች። ከተማዋን አይቻት አላውቅም፤ ወደዚያ የሚሄደውን መኪና እንኳን እማዬ ስትሳፈርበት አንድ ጊዜ ከሩቅ ነው ያየሁት። ቢሆንም የእኔ ነበረች፤ ለማንም አልሰጣትም ብዬ ቆርጬ ነበር። ነገሩ ለሚሰማው ስለሚያስቅ ከመጀመሪያው ባወራው ይሻላል።

ያኔ መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአክስቴ ከዘሀራ ቤት ጎን፣ አባባ ኑሪ የሚባሉ በርጩማ ጠራቢ ነበሩ። ቀኝ እግራቸው በልጅነታቸው በሕመም ደርቆ ስለቀረ፣ ከበራቸው እስከ መስጊዱ ያለችውን አጭር መንገድ በምርኩዝ ነበር የሚዘልቋት። ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ማጣበቂያ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍለው ያወጡ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የማታው ሶላት፣ ኢሻ፣ እስኪደርስ ባለችው ጊዜ፣ የቀኑን ፍቅፋቂ ምድጃው ላይ ጨምረው፣ መብራት ከጠፋ ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ እኔንና የአክስቴን ልጅ ፎዚያን ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡናል። ጭሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠዋል፤ ፍሙ ላይ የወደቀ ፍቅፋቂ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ቀልቶ፣ አመድ ሲሆን እያየን እንቆቅልሻቸውን እንጠብቃለን።

«እንቆቅልሽ» ሲሉን «ምን አውቅልዎ» እንላለን፤ አንዳንዴ ደግሞ «ሂቦ» ይሉና በኦሮምኛው ይቀጥላሉ። መልሱን ካላወቅን «አገር ስጪኝ» ይሉናል፣ አንድ ከተማ እንሰጣቸዋለን። ይህ በየቤቱ ያለ ጨዋታ ነው፤ አገር የተሰጠው ሰው እዚያ ገብቶ እንደ ልቡ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሾማል። አባባ ኑሪ ግን ሹመትም ድግስም አያምራቸውም ነበር። ሰርቦን ስሰጣቸው መንገድ ዳር በቆሎ ከምትጠብስ ሴት አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ፤ ለልጅ ስትሸጥ እፍ እፍ ብላ አብርዳ እንደምትሰጥ፣ ለትልቅ ሰው ግን እንደማትጨነቅ አይተው መጡ። ሰቃ ሲገቡ ዝናብ ያዛቸውና ከማያውቁት ሰውዬ ጋር አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠለሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም ለመሄድ ከፋቸው። አጋሮ ላይ ደግሞ ጫማው የተበጠሰበት ጎረምሳ፣ አንዱን አድርጎ አንዱን በእጁ ይዞ፣ ለብቻው እየሳቀ ሲያልፍ አዩ።

እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። እግራቸው ከሰፈር ወጥቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ከየት እንደሚያመጡት ሳስበው ፍርሃት ቢጤ ይይዘኝ ነበር። ሲጨርሱ «በሉ እንግዲህ፣ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት» ይሉና የሥራ ሽርጣቸውን ኪስ መታ መታ ያደርጉታል። አንድ ቀን ፎዚያ ከተማ አልቆባት መካን ብትሰጣቸው፣ እሷንስ በእግሬ ካልደረስኩባት አልቀበልም ብለው በሌላ አስለወጧት። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ጣጣው ያለው እዚያ ኪስ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ በቡና ወቅት እኔን አክስቴ ዘንድ ትታ ወደ ሊሙ ገነት ትሄዳለች፤ ስትለቅም፣ ስታሰጣ፣ ስታበጥር ከርማ ወቅቱ ሲያልቅ ትመለሳለች። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ እመጣለሁ ብላኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ተመልሶ ተከፈተ፣ እሷ የለችም። አክስቴ በባለሱቁ ስልክ ደጋግማ ብትደውል የሚያነሳ ጠፋ፤ ለእኔ «ኢንሻ አላህ ነገ ትመጣለች» ትለኛለች፣ ጓዳ ገብታ ግን ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። እኔ ደግሞ በልጅ ጭንቅላቴ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ሊሙ ገነት አባባ ኑሪ ኪስ ከገባች እማዬም አብራ ተጠቅልላ ትገባለች የሚል ነበር። ስለዚህ በተሸነፍኩ ቁጥር ደዶን፣ ሸቤን፣ ጌራን፣ በኋላም ስማቸውን ከመጽሐፍ የለቀምኳቸውን ሩቅ አገሮች እየሰጠሁ እሷን አተርፍ ነበር።

አንድ ማታ ግን የምሰጠው አለቀብኝ። አባባ ኑሪ አንድ ያላለቀ በርጩማ ጭናቸው መሃል አድርገው በመሮ እየጠረቡ ጠየቁኝ። «ሦስት እግር አለው፣ አይራመድም፤ ሰው ሲመጣ ይሸከማል፣ ሰው ሲሄድ ደረቱን ሰጥቶ ይጠብቃል።» ፎዚያ ወዲያው ገብቷት ሳቋን ለማፈን ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ ግን «ሰው ሲሄድ» የሚለው ላይ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን የሰማሁት አይመስለኝም። መልሱ የተቀመጥኩበት በርጩማ ራሱ ነበር።

«አገር ስጪኝ» አሉ። ፎዚያ ለክፋት ሳይሆን ልትረዳኝ ብላ፣ ሊሙ ገነት እኮ ቀርታታለች አለች። ያኔ ለሳምንታት አንቄ የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

«እሷን አልሰጥም፤ እማዬ አለችባት» ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ኑሪ መሯቸውን አስቀመጡ። ሥራ በእጃቸው ሳይዙ ያየኋቸው ያን ቀን ነው መሰለኝ። ፍሙን ቆስቁሰው፣ አልቅሼ እስክጨርስ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካልሰጠሽኝ እንዴት ገብቼ አይቻት እመጣለሁ?» አሉኝ።

ይህ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ሰጠሁዎ አልኩ። «ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑና ገቡ።

ብዙ ሴቶች ቡና ከበው ተቀምጠዋል አሉ። ከመሃላቸው አንዷ ሻሿን በግራ በኩል ቋጥራለች፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ስትለይ ጣቷ ከዓይኗ ይቀድማል። ሲደክማት ግጥም የሌለው ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ አጠገቧ ያለችው ሴት ያንን ዜማ ካልሰማች ሥራ አይገፋላትም። ከቀትር በኋላ ያላሰቡት ዝናብ ወርዶ የተሰጣው ቡና ስለራሰ፣ እስኪደርቅ እያገላበጡ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ማታ ማታ ይህች ሴት የሻሿን ጫፍ ፈትታ፣ ውስጡ ያለውን ከረሜላ ቆጥራ፣ አንዱንም ሳትቀምስ መልሳ ትቋጥረዋለች። ይህን ሲሉ ኩራዙ ተንቦገቦገና ጥላቸው ግድግዳው ላይ ተነሳ፤ እኔ በሙሉ ልቤ እዚያ እንደደረሱ አመንኩ። ቀጥሎ ኪሳቸውን እንዳይመቱ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ ሳልነቅል የኢሻ አዛን ተሰማ፤ ምርኩዛቸውን አንስተው፣ ከተማዋን እንደተከፈተች ትተው ወጡ።

እማዬ በአራተኛው ቀን መጣች። ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ሻሿ በግራ በኩል ተቋጥሯል። እቅፏ ውስጥ ካስገባችኝ በኋላ የሻሿን ጫፍ ስትፈታ የሚወጣውን አስቀድሜ አውቄው ነበር። ከረሜላ ነበር። አባባ ኑሪን አይተሽ ነበር ወይ ብላት፣ በዚያ እግራቸው እንዴት አድርገው ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ደግሞ አሳላት። ዝናብ ኖሮ እንደሆነም ጠየቅኋት፤ ጠብታ አልወረደም አለችኝ። ወባ ጥሏት ነው የቆየችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝታ፣ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ተራ ገብተው አጥሚት እያጠጧት ነው አልሐምዱሊላህ ለመነሳት የበቃችው።

እየሮጥኩ አባባ ኑሪ ዘንድ ሄድኩ። ዋሹኝ ብዬ ተናድጄ ነበር፤ የከረሜላው ነገር ደግሞ አስፈርቶኛል። ዝናብ አልነበረም፣ ታማ ነበር አልኳቸው።

የበርጩማውን ፍቅፋቂ በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ «እኔ ያየሁት አንቺ የሰጠሽኝን ነው» አሉ። «ሻሿን፣ ዜማዋን፣ ከረሜላዋን በየማታው ስታወሪልኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ። ሕመሙን አልሰጠሽኝም፤ ስለዚህ አላየሁትም።»

ያኔ ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። ያወራሁላቸው እውነት ነው፤ ግን ለታሪክ የሚሆን ነገር እየሰጠሁ መሆኔን አላውቅም ነበር። የሰርቦዋ ሴት ከአንዱ በርጩማ ገዢ አፍ፣ የአጋሮው ጎረምሳ በደጃቸው ካለፈ መንገደኛ እንደመጡ የገባኝ ቆይቶ ነው። የምንጥለውን ሁሉ እኚህ ሰው ሲለቅሙ፣ ማታ ማታ አገር አድርገው ሲመልሱልን ነው የኖሩት። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

አሁን የምኖረው ሌላ ሰፈር፣ ሰቶ ሰመሮ ነው። ልጆች አሉኝ፣ ኑሮው እንደ ሰው ሁሉ አንዱን ቀን ያነሳኛል፣ አንዱን ቀን ይጥለኛል። በጣለኝ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተጣብቤ ወደ ቤት ስመለስ፣ አባባ ኑሪ እዚህ ቢገቡ ምን ያዩ ነበር ብዬ ዙሪያዬን እመለከታለሁ። ሁልጊዜም ባይሆን አንድ ነገር አላጣም።

ባለፈው ክረምት አባባ ኑሪ አልጋ ይዘው ልጠይቃቸው ሄድኩ። እግራቸውም ዓይናቸውም ከድቷቸው ነበር። የራሳቸውን የበርጩማ እንቆቅልሽ ብጠይቃቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የጠረቡትን ነገር አላወቅሁም አሉኝ፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል። አገር ይስጡኝ አልኩ።

«መንደራ ቆጪን ሰጠሁሽ። ገብተሽ ያየሽውን ንገሪኝ።»

የመጣሁበት ባጃጅ መስታወት ላይ ሾፌሩ የልጁን የፈተና ወረቀት፣ በአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» የተባለበትን፣ ለጥፎ ማየቴን ነገርኳቸው። ደጃቸው የተረሳው በርጩማ ጉድጓዱ ዝናብ ሞልቶበት፣ አንዲት ወፍ ጫፉ ላይ ቆማ ስትጠጣ እንዳየሁም ነገርኳቸው። እሱን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። እያወራሁ ኢሻ ደረሰ። ልነሳ ስል እጄን ይዘው፣ ጠቅልለሽ ኪስሽ ከተትሻት ወይ አሉኝ። ገና አልጨረስኩም አልኳቸው።

በሳምንቱ አረፉ። መንደራ ቆጪን ዛሬም ኪሴ አልከተትኳትም።