እግርሽ ነው አሉኝ

የባሌ ታናሽ ወንድም መኪናዬን የነጠቀኝ ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። «ነጠቀኝ» ስል የሚቆጡ ዘመዶች አሉ። «ራስሽ አይደለሽ ወይ ቁልፉን በእጅሽ የሰጠሽው?» ይሉኛል። አዎ፣ በእጄ ሰጥቻለሁ። እንዴት እንደሰጠሁ ግን አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም።

መኪናዋ ባለ ተርቦ ናፍጣ ናት። ባሌ ከመታመሙ በፊት የገዛት የመጨረሻ ነገር ናት። ስለ ሕመሙ አልጽፍም፤ እሱ የእኔና የእሱ ጉዳይ ነው። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ተርቦ ምን እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው። «የሞተሩን ጭስ ጉልበት ተጠቅሞ አየር መልሶ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ የሚገፋሽ እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳገት ስወጣ አንድ ሰው ከኋላዬ ሆኖ የሚገፋኝ ይመስለኝ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ደግሞ ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ ቤቷ ሃያ ሁለት ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ እሷን ስትሮክ መታት። ግማሽ ጎኗ ተያዘ፣ ቀኝ እጇ ተጨበጠ፣ ንግግሯም ጥቂት ቃላት ብቻ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒዋን ካላቋረጠች እጇ ሊከፈት እንደሚችል፣ ካቋረጠች ግን እንደተጨበጠ እንደሚደርቅ ነገረን። ክሊኒኩ ያለው ከመገናኛ አልፎ ዳገቱ ላይ ነው። እህቴ ከባድ ሴት ናት፤ ሚኒባስ ላይ ልትወጣ አትችልም። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎችም ተሽከርካሪ ወንበሩን ከሩቅ ሲያዩ ጥሪውን ሰርዘው ይሄዳሉ። መኪናዋ ካለች እህቴ ትታከማለች፤ ከሌለች አትታከምም። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ መኪናዋ ማመንታት ጀመረች። ጠዋት ከቡልቡላ ብቻዬን ስወጣ ምንም አይላትም። እህቴን፣ የምትጦራትን ሴትና ወንበሩን ጭኜ፣ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ ሲግል ቆይቶ፣ ከመገናኛ ወደ ላይ ስታጠፍና ነዳጅ ስሰጣት ግን ትንፋሿን የምትይዝ ይመስለኛል። ድምፅዋ ይጨምራል፣ ጉልበቷ አይጨምርም። ከኮፈኑ ሥር እንደሚተነፍስ ጎማ ያለ ፉጨት እሰማለሁ። በመስታወት ሳይ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ትንሽ ቆይታ በድንገት ትወረወራለች። ይህን ሁሉ፣ ፉጨቱንም ጭሱንም ሰዓቱንም፣ በወቅቱ እዚህ እንደጻፍኩት አድርጌ ተናግሬአለሁ። የረሳሁት ነገር የለም።

በቤተሰባችን ስለ መኪና ያውቃል የሚባለው የባሌ ወንድም ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ይለኝ ነበር፤ ከአርባው በኋላ «አንቺ» ሆንኩ። ቡልቡላ መጣና ቁልፉን ተቀብሎኝ ብቻውን በሰፊው አስፋልት ዞሮ ተመለሰ።

«እትዬ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለኝ።

«ሲሞቃትና ሰው ስትጭን ነው እንጂ፣ እንዲህማ ምን ትሆናለች?»

«እግርሽ ነው። ትፈሪና ነዳጁን ትለቂዋለሽ።»

«አልለቅም።»

«ሳታውቂው ነዋ የምትለቂው!» ብሎ ሳቀ።

ለማንኛውም ብሎ ወደሚያውቀው ጋራዥ ላከኝ። ሜካኒኩ ፊልትሮ ቀየረ፣ ኮምፒውተር ሰካ፣ ምንም ጥፋት አላወጣም አለኝ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማ ስለዋለች ቀዝቅዛለች። እሱም ሊፈትናት ብቻውን ሊወጣ ሲል አብሬ ልግባ አልኩት።

«ማዘር፣ እርስዎ ሻይ ይጠጡ፤ እኔ እመለሳለሁ።»

«በዚህ ሜዳ ላይ አይታወቅም። ሰው ጫንና ዳገት እንውጣ።»

«መኪና ሰው አይቆጥርም፣ ማዘር» አለ፤ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ዞሮ ሲመለስ አውራ ጣቱን ከሩቅ አሳየኝ። ከዚያ ለባሌ ወንድም ደወለለት እንጂ ለእኔ ያለኝ ነገር የለም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በማግሥቱ ግን የባሌ ወንድም «ነገርኩሽ አይደል?» ብሎ ደወለ።

ሰው ደጋግሞ ሲነግርህ የራስህን እግር መጠራጠር ትጀምራለህ። ከዚህ ሁሉ ይቅር የማልለው ይህን ነው። ማታ ማታ መኪናዋን ሳላስነሳ፣ ሕንፃው ሥር ባቆምኩበት ቦታ ቁጭ ብዬ፣ ነዳጁን እረግጥና እግሬን አየዋለሁ። ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ ገዛሁ። አንድ ቀን በባዶ እግሬ ነዳሁ። እግሬ አልተነሳም። ቢሆንም ዳገቱ ላይ ስትይዘኝ «አሁን ለቀቅኩ ይሆን?» እላለሁ፤ እንዲህ እያልኩ እውነትም የምለቅ መሰለኝ። ዘበኛው አንድ ምሽት መስኮቱን አንኳኩቶ «እማማ፣ አልነሳ አለችዎት እንዴ?» አለኝ። «እየጸለይኩ ነው» አልኩት።

ነሐሴ ላይ መገናኛ አደባባይ ልገባ ስል ከግራ ገልባጭ መኪና ይመጣ ነበር። ርቀቱን አይቻለሁ፤ ደህና በነበረች ጊዜ ከዚያ በጠበበ ክፍተት ገብቼ አውቃለሁ። ረገጥኩ። ፉጨቱ መጣ፣ መኪናዋ መሐል መንገድ ላይ ተንፏቀቀች፣ ገልባጩ ክላክሱን አቅልጦ እህቴ ከተቀመጠችበት በር አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። እህቴ ጮኸች። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም። ትራፊኩ እየሮጠ መጣ፤ «እናት! ወይ ይሂዱ ወይ ይቁሙ!» አለኝ። ከዚያ የግምባሬን ላብ አይቶ ነው መሰል ሳይቀጣኝ አሳለፈኝ።

ይህን ለባሌ ወንድም የነገርኩት እኔው ነኝ። አሁንስ ያምነኛል፣ መኪናዋን በደንብ ያሳይልኛል ብዬ ነበር። እሱ የላከልኝ ግን ሽማግሌ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው። አንዱ የባሌ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነው። ሦስተኛውን አይቼው አላውቅም፤ ቁጥር እንዲሞላ ያመጡት ይመስለኛል። የባሌ ወንድም እንደ ደንቡ አብሮ አልገባም፤ ታች መኪናዋ አጠገብ ቆሞ በመስኮት ይታየኛል።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቴ።»

«አንቀመጥም፣ ልጄ። ‹እሺ› ሳትይን አንቀመጥም» አሉ የንስሐ አባቴ።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

የባሌ ባልደረባ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣነው ስለ ነፍስሽ ነው። መንዳቱ ይቅርብሽ። ሟቹም ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚልሽ።»

«ሟቹ ነው ያስተማረኝ። የታመመችው መኪናዋ ናት፤ እኔ አይደለሁም።»

«በቅሎም ብትሆን» አለ የማላውቀው ሰውዬ፣ «የምትለግመው ለፈሪ ነው።»

«እርስዎ በቅሎ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔስ ፒያሳ ነው የተወለድኩት!» ብሎ ራሱ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«እህቴንስ ማን ይወስዳታል?» አልኩ።

«እሱ ራሱ ሊወስዳት በእኛ ፊት ቃል ገብቷል» አለ ባልደረባው። «መኪናዋም ለዚያው አገልግሎት እሱ ጋ ትቆማለች። ምን ቀረሽ?»

የንስሐ አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ በእጃቸው መለሱልኝ። ዳቦ ቆረስኩ፣ አልነኩም። ውኃ አቀረብኩ፣ አልጠጡም። ለሌሎቹ ሁለቱ እስከ ማታ «እምቢ» እላቸው ነበር። እኔን ያጋቡኝን፣ ባሌን በጸሎተ ፍትሐት የሸኙትን ካህን ግን ቤቴ ውስጥ ቆመው ሲንቀጠቀጡ እያየሁ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው የላካቸው። ቁልፉን ከግድግዳው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ተቀመጡ። መረቁኝ። ፒያሳ የተወለደው ሰውዬ ዳቦውን ሁለቴ አስቆረሰኝ።

የባሌ ወንድም እህቴን መጀመሪያ ላይ ራሱ ወሰዳት። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር ይልክ ጀመር። ከመስቀል በኋላ «ስብሰባ ነው»፣ «ናፍጣ ጠፋ»፣ «ለሚቀጥለው» ይባል ጀመር። እኔ በሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ሃያ ሁለት ስደርስ እህቴ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኛታለሁ። «ዛሬስ?» ትለኛለች። ከቀሯት ቃላት አንዱ ነው። እኔ እደውላለሁ፤ እሱ አያነሳም። እኩለ ቀን ሲሆን የምትጦራት ሴት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታወልቅላታለች። ጥቅምት ሲያልቅ እህቴ መጠየቅ ተወች። እጇን ቤት ውስጥ በሞቀ ውኃ ነክሬ እኔው ላፍታታው ሞከርኩ፤ የማላውቀው ሥራ ነው፣ አሳመምኳት፣ ተውኩት።

ጥር ላይ የባሌ ወንድም ሚስት እህቴን ልትጠይቅ መጣች። ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ ግን አትጨርስም። ኅዳር ላይ ቤተሰቡ ሁሉ በዚያችው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ የሆነውን እየሳቀች ታጫውተን ጀመር።

«ጭነቱ ጭነት አይደለም! ልጆቹ ከኋላ፣ እቃው ከላይ። ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዋ እምቢ አትልም? ሲረግጣት ፊሽ ትላለች እንጂ አትሄድም። ከኋላችን የጭነት መኪና ክላክስ ያደርጋል። እሱ ‹ምን ነካት?› ሲል ልጆቹ ‹አባዬ፣ እግርህ ይሆናል!› ብለው አላገጡበት!»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ጋራዥ ወስዶ ሲያስፈትሻት ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያሳልፈው የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተቀድዷል። ስትቀዘቅዝ የማይታይ ነገር ነው አሉ፤ ሲሞቅና ተርቦው በኃይል ሲነፋ ነው አፉን የሚከፍተው። ያው ቀየሩትና አሁን እንደ ወፍ ናት።»

ይህን ስትል እህቴ እኔን እያየችኝ ነበር። ምን ያህሉን እንደተረዳች አላውቅም። ሴትዮዋን ሸኝቼ በረንዳው ላይ ሆኜ ለባሏ ደወልኩ። በዚያን ቀን አነሳው።

«ቱቦ ነበር አሉ» አልኩት።

«ምኑ?»

«መኪናዋ።»

«እ… አዎ እትዬ፣ ትንሽ ነገር ናት። ተሠርታለች።»

«ኅዳር ላይ ካወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ያደርግልሻል? አንቺ እንደሆን መንዳት ትተሻል።»

«ቁልፌን መልስ።»

«በሽማግሌ ያለቀ ነገር በስልክ አይፈርስም፣ እትዬ።»

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። «ያለፈው አልፏል፣ ልጄ፤ ሆድሽን አስፊው» አሉኝ። ወደ ባሌ ባልደረባ ደወልኩ። «ለካ ቱቦ ናት! እኛ ደግሞ ለቱቦ ነው አራት ፎቅ የወጣነው!» ብሎ ሳቀ፤ ሆኖም እነግረዋለሁ አለኝ። ቁልፉ ሲመለስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ይዞልኝ የመጣው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። አንድም የይቅርታ ቃል አብሮ አልተላከም፤ የነዳጅ መብራቷ በርቶ ነበር፣ ናፍጣ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ።

በማግሥቱ እህቴን፣ የምትጦራትን ሴትና ወንበሩን ጫንኩ። ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ መንገዱ ተዘግቶ ሞተሩ ጋለ። ዳገቱ ሥር ስደርስ እግሬን አላየሁትም። ረገጥኩ። መኪናዋ ሳታመነታ፣ ያለ ፉጨት፣ ያለ ጭስ ወጣች። እህቴ በመስኮት ታያለች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም።

ክሊኒኩ ውስጥ ባለሙያዋ የእህቴን ጣቶች አንድ በአንድ ልትከፍት ሞከረች። እህቴ ፊቷን አዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቀሩት?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«ከመስቀል ወዲህ።»

የእህቴን እጅ ቀስ አድርጋ እህቴ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «እንግዲህ የምንሠራው እንዳይብስ ነው፣ እናቴ። ይከፈታል ብዬ አልዋሽዎትም።»

አሁንም እወስዳታለሁ። ሐምሌ ላይ የባሌ ወንድም አማት፣ የሚስቱ እናት፣ ሞቱ። ድንኳኑ የተተከለው ከእኔ ሕንፃ ብዙ ሳይርቅ ነው። ለቅሶ አልደረስኩም።