አድመኛ የተባለችው ውቢት

ውቢት በደባርቅ በቅሎ ከሚጭኑት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ባሏ ሲሞት በቅሎዋን ሸጣ ጠላ ቤት ትከፍታለች ሲሏት፣ እሷ የቱሪስት ጓዝ ጭና ስሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር ወጣች። ጎረቤቷ ነኝና ባደላላት አይፈረድብኝ።

በበቅሎ አከራዮች ማኅበር ደንብ፣ በቅሎው ገጥቦ አልጭንም ያለ ሰው ተራው ያልፈዋል። ስለዚህ ብዙው ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኖ ይጭናል። ውቢት በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ የቆሰለ በቅሎ እስኪያገግም ተራው ይጠበቅለት አለች። ደንቡን ያወጣው ሊቀመንበሩ ደምለው ነበርና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህች ሴት አድመኛ ናት» አለ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ደምለው ግን ንጉሥ አይደለም፣ የበቅሎ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ቢሆንም ቃሉ እኛ ዘንድ ከባድ ነው። አድመኛ ማለት ሰው አስተባብሮ በሹሙ ላይ በስውር የሚነሣ ነው። ሌባን እንኳ ሰው ያስታርቀዋል፤ አድመኛን ግን አብሮ እንዳይቆጠር ፈርቶ ማንም አይጠጋውም። በቅሎ ደግሞ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ካላነሣ አይጫንም። የውቢት ተራ ሲደርስ የሚያነሣላት ጠፋና ጓዙ ለሌላ ተሰጠ። ዝም አይነቅዝም እያሉ ብልህ የሚመስሉ በዙ፤ በጣም አናደዱኝ። እንዲህ ከቀጠለ በቅሎዋን መሸጧ ነበር።

እሷ ግን ሽማግሌ ጠራች፤ ያውም የራሷን ሳይሆን የደምለውን የንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ገብርኤልን። ማኅበሩ በተሰበሰበበት አባ፣ ውቢት ከማን ጋር እንደዶለተች ደምለውን ጠየቁት። ከማን ጋር እንደሆነ አያውቅም። የት ተናገረች ቢሉት፣ እዚሁ ስብሰባ ላይ ነው አለ።

«ልጄ፣ አድማ ከኋላ ነው የሚመጣ። ይህች ከፊትህ ቆማ ነግራሃለች። እሷን አድመኛ ካልህ ነገ ፊት ለፊት የሚነግርህ አታገኝም። ያን ጊዜ አድማን ፍራ።» አሉት አባ።

ደምለው አድመኛ ያላትን ቃል አነሣ። በደንቡ ግን አሁንም እንደማይስማማ ነገራት። እሷም እንደማትተወው ነገረችው። በማግስቱ ጓዟን አስጭና እዚያው ስሜን ተራሮች ወዳለው ሳንቃ በር ሰፈር ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በተደረገው ስብሰባ ስለ ደንቡ ደምለው አጥብቆ ተከራከረ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። ሰው ሊበተን ሲነሣ፣ ሊቀመንበር ከሆነ ጀምሮ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«ሌላስ የምትቃወሙት አለ?»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው በስብሰባ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው ሙሉሰው ነበር።