አባትና ልጅ አብረው የተዉት ውርርድ

ወንድሜ ጋሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በኳስ የተወራረደው ገና ሕፃን ሳለ፣ አባታችን ጭን ላይ ተቀምጦ ነው። ቱኒዚያ ውስጥ፣ ስፋክስ ወደብ አጠገብ ነው የምንኖረው። ዓሣ አጥማጁ አባቴ ሞንጂ፣ ገንዘብ ከማስያዙ በፊት የሚያሸንፈውን ቡድን ልጁን ያስመርጠው ነበር። የዚያን ቀን ቀናቸው። አባቴም በደስታ ጋሰንን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሰፈሩን አዞረው።

ጋሰን ጎረምሳ ሲሆን ከትምህርት ቤት እየቀረ ውርርድ ቤት መዋል ጀመረ። መጀመሪያ ብስክሌቱን ሸጠ፤ ቀጥሎ የእናታችንን የጆሮ ጌጥ ሊሸጥ ሲል ተያዘ።

አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ ተነሳ። "አንተ ሌባ! ይህን ከማን ተማርክ?"

ጋሰን አልሸሸም። "ካንተ ነዋ፣ አባዬ! ስናሸንፍ ካልሆነ መቼ አቅፈኸኝ ታውቃለህ?"

ቀበቶው ከአባቴ እጅ ወደቀ። ጋሰን አጠገብ ተቀመጠና፣ "እንግዲያው አብረን እንተወው። ብቻዬን አልችለውም፤ አንተ ጠብቀኝ፣ እኔም እጠብቅሃለሁ" አለው።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለ ቀን፣ እንዳይወራረዱበት ስልካቸውን ለእናቴ ሰጥተው በጀልባ ይወጣሉ። ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን አባቴ ተደብቆ ውርርድ ቤት ገባ። ጋሰን ተከትሎ ደረሰና እጁን ያዘው።

"ተነስ ሽማግሌው! ኩስኩሱ ቀዘቀዘ ተብለሃል።"

አባቴ አፍሮ ሳቀ፤ ተያይዘው መጡ።

ዛሬ ጋሰን የጀልባ ሞተር ጥገና ይማራል። እናቴ ሁለቱን ባየች ቁጥር፣ "አልሃምዱሊላህ! ጠፍተው የነበሩ ሁለት ልጆቼን መለሰልኝ" ትላለች።