የምንይችል ቮልስ እና የአባ ወልደኢየሱስ መስቀል

ምንይችል ካባ ሰፊ ነው። አራዳ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቁ የሙሽራ ካባ ይሰፋል፣ የካህን ካባ ይሰፋል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በአላፊ አግዳሚው ላይ ተረብ ይሰፋል። አባቱ ደብተራ ይሆንልኛል ብለው ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር። እሱ ግን «ከቅኔ ቤት ይዤ የወጣሁት እከክና ተረብ ነው፤ እከኩ ለቀቀኝ» ይላል። አሁንም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው የሰፋው ካባ በቄሱ ትከሻ ላይ እንዴት እንደዋለ ለማየት ነው።

ሚስቱ ጽጌሬዳ ተረቡን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ቮልሱን ነው። ዕድሜዋ ከባለቤቷ የሚበልጥ ሰማያዊ አሮጌ ቮልስዋገን አለችው፤ በሠርግ ወራት ካባ ያሰፋውን ሙሽራ በዚያችው ይጭነዋል። ሲመለስ ደግሞ እንደ ሕፃን ያጥባታል።

«ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፤ ውሽማ ግቢ ውስጥ ዘይት አታንጠባጥብም» ትለዋለች ጽጌሬዳ።

አንድ እሑድ የነፍስ አባቱን አባ ወልደኢየሱስን ከቀሐ ተቀብሎ ከከተማ ውጭ ፀዳ ወዳለ ተዝካር ይዟቸው ሄደ። ዳገቱን ሊጨርሱ ሲሉ ቮልሷ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ቀጥ አለች። ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ያጓራል እንጂ ሞተሩ አይነሣም።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ምንይችል እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላ ከፈተና ካንዴላ ነቀለ። ከብረት አስጠግቶ ሲያየው እሳት ይሰጣል። እሳቱ ካለ ቤንዚኑ ቢጎድል ነው አለና ወደ ፊት ዞሮ የታንኩን ክዳን ፈታ፤ የልብስ ማስመሪያውን እንጨት ቢሰድበት እስከ ወገቡ ርሶ ወጣ። ቤንዚንም ሞልቷል። እሱ ከፊት ይህን ሲያደርግ አባ ወልደኢየሱስ ከኋላ ቆመው ሞተሩን በመስቀላቸው እየዳሰሱ ይደግሙ ነበር።

ክዳኑን መልሶ ጠመዘዘና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ቦግ ብሎ ተነሣ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው እየመለሱ።

«ምን ልበል አባ? እጅዎ ይባረክ።»

አዘዞ ሳይደርሱ ደግማ ቆመች። ምንይችል ቤንዚኑን ለካ፣ አባ ደገሙ፣ ተነሣች። ፀዳ መግቢያ ላይም እንዲሁ። ተዝካሩ ቤት ሲደርሱ አባ ወልደኢየሱስ የገቡት እንደ ካህን ሳይሆን እንደ ጻድቅ ነበር። ጠላው ሁለተኛ ዙር ሳይደርስ ወሬው ድንኳኑን ሞላው።

ከእድምተኞቹ መካከል አያ አስማረ የሚባሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ፤ ሞተራቸው ከቆመ ሰንብቷል። «አባቴ፣ እኔንም ይማሩኝ» ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ። ካህን ሊገባበት ነው ብለው ወፍጮ ቤቱን አስጠረጉ፣ የሞተሩን ማጣሪያ ሳይቀር አሳጠቡ። አባ ገብተው ጠበል ሲረጩበት ሞተሩ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው!

የተቸገረው ምንይችል ነው። ቮልሷ በማለዳ ከግቢ ትወጣለች፤ ጥቂት ሄዳ ትቆማለች፤ ቤንዚኗን ሞልቶ ስለወጣ ታንኩን ሳይነካ ሞተሩን ብቻ ቢጎረጉር ያለ አባ አልንቀሳቀስም ትላለች። ሙሽራ የሚጭንበት ቀን ደግሞ ደርሷል። «ሚዜ ቀንሼ ቄስ ልጫን?» እያለ ተብሰለሰለ። በመጨረሻም አባን ይዟቸው ወጣና ዳገቱ ላይ እስክትቆም ጠበቀ። ቆመች።

«አባ፣ ይድገሙ፤ እኔ ምንም አልነካም።»

አባ ደገሙ። ሞተሪኖው አጓራ፣ ሞተሩ ዝም። አባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ዝም።

«እምነትህ ጎድሎ ነው» አሉት።

«የኔ እምነትማ ድሮም ጎደሎ ነው፤ ያን ጊዜ በምን ተነሣች? አሁን ደግሞ እርስዎ ዝም ይበሉ።»

የታንኩን ክዳን ሲፈታ «እስስስ» ብሎ አየር ሳበ። መልሶ ገጠመው፤ ቁልፉን ሲያዞር ተነሣች። ምንይችል ክዳኑን አውልቆ ወደ ብርሃን አዞረው። አየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ በቢጫ ነገር ተደፍናለች። በጥፍሩ ፋቀው፤ አሸተተው።

«አባ፣ ይህ ጧፍ አይደለም?»

አባ ወልደኢየሱስ ጎንበስ ብለው አዩት። «እሱማ ጧፍ ነው። ከተዝካሩ በፊት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ ቤንዚን ቤንዚን ሸትቼ ቀደስኩ። ዲያቆኑ ፍም የሞላ ጽና ይዞ በተጠጋኝ ቁጥር ዛሬስ ነደድኩ እያልኩ ጸሎቱ ጠፋኝ። በኋላ አንተ ሱቅ ውስጥ ካባ ስትለካ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ባይ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ሽታው በዚህ ነው ብዬ ደፈንኩልህ። ሸጋ አድርጌ ነው የደፈንኩት።»

ምንይችል አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ ሞተሩ እንደ ደረቀ ጡት ቢምገው ምንም አይመጣለትም። በለካ ቁጥር አየር የሰጣት እሱ ራሱ ነበር።

«ካህን ያስራል ይፈታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ መኪና አስሮ የሚፈታ ግን እርስዎን አየሁ!»

«በል ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

«እንዴት ብዬ ልቻለው አባ? አፌ ይፈነዳል!»

«እኔ ያንተን ስንቱን ችዬ የለ?» አሉ አባ፣ ረጋ ብለው።

ምንይችል በየዓመቱ ንስሐ ብሎ የነገራቸውን በሐሳቡ አንድ በአንድ አየው። ሳቁ ቆመ።

ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ ሙሽራው ያለ ቄስ ደረሰ። ምንይችልም ለማንም አልተናገረም፤ ለጽጌሬዳ ብቻ። ለጽጌሬዳ መንገር ደግሞ አራዳ መሐል ጡሩምባ መንፋት ነው። የሚገርመው፣ ማንም አላመናት። «ባልሽ መናፍቅ ነው» አሏት እንጂ የቆመ ባጃጅ እየገፉ ወደ አባ መምጣታቸውን አልተዉም።

አባ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን መተኛ ጊዜ አጡ። አንድ ቀን ምንይችል ሱቅ ውስጥ የካባቸውን ገበር ሲያስጠግኑ አያ አስማረ የውኃ ፓምፕ በጋሪ አስጭነው ከበር ብቅ አሉ። አባ ወልደኢየሱስ ከተሰቀሉት ካባዎች ኋላ ተወሸቁ።

«አባታችን እዚህ ናቸው ብለውኝ ነበር።»

«የሉም አያ አስማረ» አለ ምንይችል፣ መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ።

አያ አስማረ ከካባዎቹ ሥር የወጡትን ሁለት ጥቋቁር ጫማዎች አዩና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

«ግድ የለም፤ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ» አሉና በርጩማው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።