በወደቁበት ተራ

ጀጎል ውስጥ የቤት ግድግዳ ባዶውን አይተውም። እንደየአቅማችን ስፌትና ሳህን እንሰቅልበታለን። የኛ ቤት ከሌላው የሚለየው በስድስት የብረት ሳህኖች ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በወጣትነቱ ምሥራቅ አውሮፓ ሲማር ከየረገጠው አገር አንድ አንድ ባለአበባ ሳህን ገዝቶ መጣ። ሌላው ተማሪ ሬዲዮና ካፖርት ሲያመጣ የኔው ሰው ሳህን።

ሲመለስ የጂኦግራፊ መምህር ሆነ። ስለ ሶሻሊዝም የሚያስተምረው ግን ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ እራት ላይም ነበር።

ከዚያ እነዚያ መንግሥታት መውደቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ፖላንድ። እሱ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "አንድ አገር ነው፤ ሌሎቹ ጽኑ ናቸው" አለ። ሃንጋሪ ተከተለች። ተራው ምሥራቅ ጀርመን ሲደርስ አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ግድግዳውን ቃኙ።

"የሷ የትኛው ነው?"

"ሰማያዊው።"

"አንተ ልጅ፣ ሳህን የገዛህበት አገር ሁሉ ወደቀ። የኛን አገር ሳህን እንዳትገዛ አደራ።"

"እናቴ፣ ቀስ ይበሉ። ግድግዳ ጆሮ አለው።" ያን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ይታሰር ነበር።

"ጆሮውንማ በሳህን ደፈንከው።"

ቡልጋሪያም ሄደች፤ በመጨረሻ ሩማንያ ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ወጣና በመጠናቸው ተሰቅለው የነበሩትን ሳህኖች አውርዶ በወደቁበት ተራ ሰቀላቸው። "ያመንኩበት ነገር በምን ተራ እንደሄደ እንዳልረሳ ነው" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ የኛም መንግሥት ወደቀ። ያኔ እናቱን፣ "ሳህን አልገዛሁም፤ ይመስክሩልኝ" አላቸው።

በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ የተሰቀለው ሁሉ ይወርዳል። መልሼ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ሁልጊዜም ሆን ብዬ ሃንጋሪንና ቡልጋሪያን አቀያይራለሁ። ገብቶ ይቀመጣል፤ ሻዩን ሳይጨርስ ወንበር ስቦ ይወጣና ያስተካክላል። "ምን አስነሣህ?" ስለው፣ "ታሪክ አጣመምሽ" ይላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን።

ዘንድሮ እሱ የለም። ልጃችን ሳህኖቹን አጥባ አቀበለችኝ።

"እማ፣ በመጠን ቢደረደሩ አያምሩም?"

"አያምሩም።"

ተራው እንዳይጠፋኝ ፈርቼ ነበር። ከጠፋኝ ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። እጄ ግን አልረሳም፤ ስድስቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ወርጄ ተቀመጥኩና አየሁት። ልክ ነው። ነገር ግን እሱ የሚያርመው ምንም የለበትም። ያ ደግሞ የኛ ግድግዳ አልመስል አለኝ። ተነሥቼ ሃንጋሪንና ቡልጋሪያን አቀያየርኩ፤ ወንበሩንም እዚያው ከሥራቸው ተውኩት።

አሁን ረመዳን ተጋምሷል። አንድ ሳህን ከተራው ወጥቶ እያየ ሻዩን መጨረስ የማይሆንለት ሰው እስካሁን ዝም ብሏል። ይህን ያህል ትዕግሥት እንዳለው አላውቅም ነበር።