ቢጫ ቀለም የተቀቡት ዳዶዎች

የከሊል ቡጢ ከአፉ ይቀድማል። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠራ የባልደረባውን ጥርስ አራግፎ ተባረረ፤ ከመጋዘን ሥራውም የወጣው በዚያው ጠባዩ ነው። በመጨረሻ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ኣብራሃ የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ቀጠሩት።

"ሁለት ዓመት በሰላም ከሠራህ ለመካኒክነት ፈተናው የልምድ ወረቀትህን እፈርምልሃለሁ" አሉት። "አንድ ሰው ከመታህ ግን በመጣህበት በር ትወጣለህ።"

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ጋራዡ ደንብ አለው። ጎማ ያሰረ ሰው ጎማውን የሚይዙትን ዳዶዎች ጥብቀታቸውን በሚለካ መፍቻ ካጠበቀ በኋላ በራሱ ቀለም ይቀባቸዋል። የጋሽ ኣብራሃ ነጭ፣ የከሊል ቢጫ ነው። ቀለም የተቀባ ጎማ ያለቀለት ነው፤ ማንም ዳግመኛ አያየውም።

ሰኞ ጠዋት ሕሩይ የሚባል ሹፌር በቀኝ እጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ፣ ግራውን ጨብጦ ገባ።

"እዚህ ያሠራሁት ጎማ ሃይዌይ ላይ ወልቆ ሄደ! ልጄ ግንባሯ ተተርትሮ ሆስፒታል ናት! ማነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ኣብራሃ፣ ከሊል አፉን ሳይከፍት።

ብረቱ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ምት መንጋጋቸውን ሰበረው፤ ሽማግሌው ደም እየተፉ ተዘረሩ።

የከሊል ደም ፈላ። ሕሩይን አንገቱን አንቆ ከመኪና ኮፈን ጋር አላተመው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። የሰውየው አፍንጫ ተጨፈለቀ፣ ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ከሊል መዶሻ አነሳ። ሊገድለው ነበር፤ ምን ይደበቃል!

ያን ጊዜ የሕሩይ ግራ እጅ ተከፈተና ከመንገድ የለቀማቸው ሁለት ዳዶዎች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ቢጫ ናቸው።

ከሊል አርብ ዕለት የጁምዓ ሶላት እንዳያመልጠው የአንድ መኪና ዳዶዎችን በእጁ ብቻ አሽከርክሮ፣ ቀለሙን አስቀድሞ ቀብቶ፣ "ስመለስ አጠብቃቸዋለሁ" ብሎ በልቡ ነበር የወጣው። ሲመለስ ጋሽ ኣብራሃ ቢጫውን አይተው ያለቀለት መስሏቸው መኪናውን አስረክበው ነበር። ከሊል ለባለመኪናው ደውሎ እንደመናገር ፈራና፣ ምን ይሆናል ብሎ ዝም አለ።

መዶሻውን ጣለ።

"እሳቸው አይደሉም፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

ሕሩይ በደም በተሸፈነ ፊቱ አየውና ብረቱን ከመሬት አነሳ። ከሊል ሁለት እጁን ወደኋላ አጣመረ። የመጀመሪያው ምት ጎድኑን ሰበረው፤ ሁለተኛው በጉልበቱ አንበረከከው። ጋሽ ኣብራሃ "ተው!" ሊሉ ሞከሩ፤ ከአፋቸው የወጣው ደም ብቻ ነው።

ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳም ከሊል እጁን አልፈታም።