ሦስቱ መጻሕፍትና የጉቴዋ ጫልቱ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊዬ አቶ ደሳለኝ የካርድ መሳቢያውን ስበው «መጽሐፍ ማውጣት ማንም ይችላል፤ ሥራው የሚታመነውን መምረጥ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ካርዶች በፊደል ተራ ስደረድር ዋልኩ።

የነገሩኝን በደንብ ያየሁት ከአንዲት ተማሪ ነው። ጫልቱ ነቀምቴ አቅራቢያ ያለችው የጉቴ ከተማ ልጅ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ ቢላ ስለምትባለው የወለጋ ከተማ ገበያ አጀማመር ነበር። ከተመራቂዎቹ አዲስ አበባ ኮሌጅ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የሚመረጠውም በዚሁ ጽሑፍ ነው፤ መራጩ የታሪክ መምህሩ ናቸው።

ሦስት መጻሕፍት አወጣሁላት። ሦስቱም ገበያውን ያቋቋሙት ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው ይላሉ። ሦስት ምስክር ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን በማግስቱ ተመለሰች።

«ኦቦ ታደሰ፣ ሦስቱም ቢላን ‹ጊላ› ብለው ጽፈዋል። ሦስት ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታል?»

የግርጌ ማስታወሻዎቹን አብረን ተከታተልን። ሁሉም የጠቀሱት አንድ የውጭ አገር መንገደኛን ነው። አቶ ደሳለኝ መጽሐፉን ከአዲስ አበባ በውሰት አስመጡልን። ሰውየው ወደ ቢላ ለመድረስ የግድ የሚታለፈውን የዴዴሳን ወንዝ እንኳ አልተሻገረም፤ የጻፈው ወደብ ላይ የሰማውን እንደ ሆነ በመቅድሙ ራሱ ይናገራል።

የታሪክ መምህሩ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። «ማስረከቢያው ደርሷል። ሦስት መጽሐፍ አለሽ፤ በዚያው ጻፊ።»

«ጋሼ፣ ሦስቱ እኮ አንድ ናቸው» አለች።

በጭነት መኪና ቢላ ሄደች። ሽማግሌዎችን አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ለየብቻ በኦሮምኛ ጠየቀች። አንዱ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ከብት ሆራ፣ የጨው ምንጩን ውሃ፣ ልናጠጣ ስንሰበሰብ ነው ነጋዴው የተከተለን» አሏት። ሌላው ግን ይህን አልተቀበሉም። ጫልቱ የሁለቱንም ጻፈች፤ ማን በዓይኑ እንዳየ፣ ማን ከአባቱ እንደ ሰማም ለየች። የመንገደኛውን ቃል ደግሞ በዓይን ያልታየ ወሬ ነው ብላ መዘገበችው።

ጽሑፏን ያነበቡ ዕለት መምህሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጥተው የመንገደኛውን መጽሐፍ ጠየቁ። መቅድሙን ቆመው አነበቡ።

«ይህን ታሪክ ስንት ዓመት አስተማርኩት!» አሉ። ከዚያም «የምትላከው እሷ ናት» ብለው ወጡ።

እኔ እስከ ጡረታዬ እዚያው ሠራሁ። መጻሕፍት ሲስማሙ፣ ምስክር ብሎ ከመቁጠር በፊት ማን ከማን እንደ ቀዳ ማየት ያስፈልጋል።